ማይክሮፎኑን ማን ከፈተው?



ዛሬ ላነሣላችሁ የመጣሁት ማይክሮፎን ወይም ካሜራ ሲከፈት በስልካችን ማያ የላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ ስለምትበራ፣ ከምስር ፍሬ ስለምታንስ አረንጓዴ ነጥብ ነው። የግል ምስጢሩ እንዲጠበቅለት ብሎ በፒክስል ስልኩ ላይ ግራፊንኦኤስ የተባለውን የአንድሮይድ ሲስተም የጫነ ሰው፣ ሳይደውልና ሳይቀዳ ይህች ነጥብ ብትበራበት ይደነግጣል። ድንጋጤው አይናቅም። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ በፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል መጠሪያ ብቻ የታወቀ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ በኢሜይል በመጣ የዎርድ ፋይል አማካይነት ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ንግግሩን ቀድቶብኛል ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከስሷል። እ.ኤ.አ. በ2017 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ ከለላ አለው ብሎ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። ይህን የሚያውቅ ሰው ነጥቧን አይቶ ዝም ሊል አይችልም።

የምጠይቃችሁ ግን ከመደንገጥ በፊት እንድትመረምሩ ነው። ምርመራውም ቅደም ተከተል አለው።

ነጥቧ በአንድሮይድ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2021 ከ12ኛው እትም ጋር ነው። አይፎን ከአንድ ዓመት በፊት ለማይክሮፎን ብርቱካናማ፣ ለካሜራ አረንጓዴ መርጦ ነበር፤ አንድሮይድ ግን ለሁለቱም አረንጓዴ ያበራል። ስለዚህ የበራው ማይክሮፎኑ መሆኑን በቅድሚያ አረጋግጡ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ነው፤ እኔ አልመክርም፤ ማይክሮፎኑን የያዘው አፕ አብሮ ይዘጋና በእጃችን የነበረው ማስረጃ ያመልጠናል። ማያውን ከላይ ወደ ታች ጎትቱት። ነጥቧ የማይክሮፎን ወይም የካሜራ ምልክት ሆና ትመጣለች፤ እሷን ስትነኩ የአፑ ስም ይወጣል። ከጠፋች በኋላ ከደረሳችሁም አልረፈደም፤ ሴቲንግ ውስጥ የግላዊነት ዳሽቦርድ የሚባለው ክፍል ባለፉት 24 ሰዓታት ማይክሮፎኑን ማን በስንት ሰዓት እንደተጠቀመ መዝግቦ ይጠብቃችኋል።

ያንን ሰዓት ከራሳችሁ ውሎ ጋር አስተያዩት። የተመዘገበው ኪቦርዱ ከሆነ፣ በዚያች ደቂቃ መልእክት ስትጽፉ አውራ ጣታችሁ በድምፅ መጻፊያውን ነክቶት ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ከሆነ፣ የድምፅ መልእክት መቅጃው ወደ ላይ ተስቦ ተቆልፎ፣ ሰው ሳያውቀው መቅዳቱን ቀጥሎ ይሆናል። ብራውዘር ከሆነ ደግሞ ለስብሰባ ተከፍቶ የተረሳ ገጽ ፈልጉ። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ፣ ከበስተጀርባ ያለ አፕ እንዲያው ዝም ብሎ ማይክሮፎን መክፈት አይችልም፤ መቅዳቱን ለመቀጠል ማሳወቂያ ማውጣት ይጠበቅበታል። ማሳወቂያዎቻችሁንም አንብቡ።

ስሙ አሁንም ካልተገኘ፣ በፈጣን ቅንብሮች ውስጥ ያለውን የማይክሮፎን መዝጊያ ተጠቀሙ። ማይክሮፎኑ በዚህ ሲዘጋ አፖች የሚደርሳቸው ዝምታ ብቻ ነው፤ ከፊታችሁ ያለ አፕ ማይክሮፎን ሲፈልግም ሲስተሙ እንድትከፍቱለት ይጠይቃችኋል። የጫናችኋቸው አፖች በማይሠሩበት በሴፍ ሞድ ስልኩን ማስነሣት የመጨረሻው ፈተና ነው፤ በዚያ ነጥቧ ካልበራች ጥፋቱ እናንተ ከጫናችሁት አፕ ነው።

በዚህ ረገድ ግራፊንኦኤስን አደንቃለሁ። የጉግል ፕሌይ አገልግሎቶች ከስልኩ ጋር አይመጡም፤ ባለቤቱ ፈልጎ ከጫናቸውም እንደማንኛውም አፕ ታጥረው ይሠራሉ፤ የማይክሮፎን ፈቃድም ሊከለክላቸው ይችላል። ተጠርጣሪው ያንሳል።

ሆኖም ነጥቧን የሚያበራት ሶፍትዌሩ ነው። ሲስተሙን ራሱን የተቆጣጠረ ሰላይ ሊያጠፋት ይችላል። ከዚህ የሚከተለውን አስቡት፤ ነጥቧ በርታ የምናያት አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዳችንን ይዞ በሚሠራ ተራ አፕ ምክንያት ነው፤ አለመብራቷ ግን ማንም አልሰማንም ለማለት አያበቃም። የፒዩሪዝም ኩባንያ ሊብረም 5 በተባለው ስልክ ጎን ላይ ማይክሮፎኑንና ካሜራውን ከኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ የገጠመው፣ ፓይንፎንም ከጀርባ ክዳኑ ሥር ለማይክሮፎን የራሱን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ያኖረው ለዚህ ነው።

ጋዜጠኛ ወይም የመብት ተሟጋች ሆናችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላም መልስ ካጣችሁ፣ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው አትመልሱት፤ ዱካው አብሮ ይጠፋል። ዳሽቦርዱን ከነሰዓቱ ስክሪንሾት አንሡ፤ ምስጢር የሆነ ንግግር ስልኩ ባለበት ክፍል አታድርጉ፤ ከዚያም በሌላ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር አክሰስ ናው የተባለውን ድርጅት የዲጂታል ደኅንነት እርዳታ መስመር አግኙ። ለሲቪል ማኅበረሰብ ሰዎች ቀንም ሌሊትም ያገለግላል።