የማይላቀቅ እንግዴ ልጅ፦ የሌሎች አገሮች መንገድ እና የእኛ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

አዘጋጆቹ "ከሙያሽ አንድ ነገር አካፍዪን" ሲሉኝ ብዙ አላሰብኩም። እዚህ ዲላ የማዋለጃ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳንን ፕላሴንታ አክሪታን መረጥኩ።

ሐኪም ላልሆናችሁ በአጭሩ ላስረዳ። እንግዴ ልጅ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በራሱ ተላቆ ይወጣል። ቀደም ሲል በኦፕሬሽን በወለደች ሴት ላይ ግን፣ ጠባሳው ላይ ካረፈ የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስሮ ሊገባ ይችላል። በጉልበት ከተጎተተ ደሙ አይቆምም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ እንግዴ ልጁ የማህፀን በሯን ከሸፈነባቸው እናቶች መካከል አንድ ጊዜ በኦፕሬሽን ከወለዱት 11 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ከወለዱት 40 በመቶ፣ ሦስት ጊዜ ከወለዱት ደግሞ 61 በመቶ ያህሉ አክሪታ ተገኝቶባቸዋል።

ታዲያ አገሮች ምን ያደርጋሉ? አሜሪካኖች በ34 እና በ36 ሳምንት መካከል ቀጠሮ ይይዛሉ፤ ሕፃኑን ያወጡና እንግዴ ልጁን ሳይነኩ ማህፀኑን አብረው ያወጣሉ። እንግሊዞች ከ35 እስከ 37 ሳምንት ባለው ጊዜ ያዋልዳሉ። ፈረንሳዮች ብዙ ጊዜ እንግዴ ልጁን እዚያው ትተው ሆድ ይዘጋሉ፤ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ከ167 እናቶች 131ዱ ማህፀናቸው ተርፏል፤ አንዲት እናት ግን ሞታለች። በአርጀንቲና ደግሞ የተጎዳውን የማህፀን ክፍል ብቻ ቆርጦ ቀሪውን የመጠገን ዘዴ አለ።

የፈረንሳዩ መንገድ ልብ ይስባል። ለመውለድ ገና ተስፋ ላላት ወጣት ማህፀን ማጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ባልም አማትም ይጠይቃሉ። ነገር ግን ያ መንገድ የወራት ክትትል ይፈልጋል። ትኩሳት ሲነሳ ወይም ደም በድንገት ሲፈስ በሰዓታት ውስጥ ኦፕሬሽን ክፍል መድረስ ግድ ነው። በክረምት ከቡሌ ደጋ ወይም ከገደብ ገጠር የምትመጣ እናት ይህን ማድረግ ትችላለች? ስለዚህ ለብዙዎቹ ታካሚዎቻችን በቀጠሮ የሚደረገው ማህፀን ማውጣት ይሻላል እላለሁ። ዲላ ከተማ ለምትኖርና ስልክ ስትደወል ለምትመጣ ግን ምርጫው የራሷ ይሁን፤ ቁጭ ብለን በምትረዳው ቋንቋ እናስረዳት።

ከሁሉ የሚከፋው ሳይታወቅ ኦፕሬሽን ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ነው። በየወረዳው ለምትሠሩ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ሆድ ከፍታችሁ ማህፀኑ ላይ ያበጡ የደም ሥሮች ካያችሁ፣ እናትና ሕፃን ደህና ከሆኑ፣ ማህፀኑን አትቁረጡ። ደምና የሚረዳ እጅ እስኪመጣ ጠብቁ፤ ካልተገኘ ሆዱን ዝጉና በፍጥነት ሪፈር አድርጉ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ የእንግሊዞቹ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሌላው ሥራ ቀድሞ የሚሠራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። እኛ ለሁሉም ባንደርስ እንኳ፣ በኦፕሬሽን የወለደችዋን አናሳልፋት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ "ሆድሽ ላይ ጠባሳ አለ ወይ?" ብላ ብትጠይቅ ብዙ ነገር ይለወጣል። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ምጥ ሳይመጣ ወደ እናቶች ማቆያ ትምጣ። የመጀመሪያውን ኦፕሬሽን ስንወስንም በቂ ምክንያት ይኑረን፤ የዛሬ ጠባሳ የነገ አክሪታ ነውና።

በመጨረሻ፣ ሐኪም ያልሆናችሁ "እኛስ ምን እናድርግ?" ትሉኝ ይሆናል። ለእንዲህ ዓይነቷ አንዲት እናት አሥር ከረጢት ደም ላይበቃ ይችላል፤ ደም ደግሞ ፋብሪካ አይሠራውም። ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው መካከል የምንችል ሁሉ፣ ወደየመጣንበት ከመመለሳችን በፊት ደም እንለግስ።