ትንሽ የኦፓል መቁረጫ ሥራ ለመምራት ስለሚያስፈልገው የንግድ ዕውቀት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት በዛሬው አጀንዳ ላይ የሰፈራችን ሦስት ልጆች ያቀረቡት የዋስትና ጥያቄ አለ። ልጆቹ የኦፓል ድንጋይ መቁረጥና ማለስለስ ሠልጥነዋል። አሁን ወደ ኮተቤ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ገንዘብ ተበድረው፣ በራሳቸው ሊሠሩ ያስባሉ፤ ከእኛም መካከል ዋስ የሚሆናቸው ሰው ይፈልጋሉ። ኮሚቴው «እርስዎ ዕድሜዎን በንብረት ክፍል ጸሐፊነት አሳልፈዋል፤ ነገሩን ያስረዱን» ስላለኝ ነው የቆምኩት። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ድንጋይም ቆርጬ አላውቅም። ሆኖም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለአንድ ድንጋይ ቆራጭ መዝገብ እይዛለሁና ገንዘቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚፈስ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ድንጋዩ። ኦፓል በአገራችን ቀደም ሲል የታወቀው ሰሜን ሸዋ መዘዞ ነው፤ ያኛው ቡናማ ነው፣ መሰንጠቅም ያበዛል። በ2000 ዓ.ም. ግን ወሎ፣ ደላንታ ወረዳ፣ ወገል ጤና አካባቢ ነጣ ያለና እንደ ቀስተ ደመና የሚያበራ ኦፓል ተገኘና የኢትዮጵያ ኦፓል ስም በዓለም ገበያ ወጣ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሻኪሶ ኤመራልድና የትግራይ ሳፋየር ተከትለዋል። የወሎው ኦፓል የሚወጣው ከገደል አፋፍ ላይ በዶማና በመሮ ተቆፍሮ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ላይ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ውስጥ መቅረታቸውን በዜና ሰምተናል። እኛ የዕድር ሰዎች ነንና ድንጋዩን ስናይ ይህንንም ብናስብ አይከፋም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድንጋይ ሲወጣ ብዙው ጥሬውን ተሽጦ ይሄዳል። ሕንድ አገር ጃይፑር የምትባል ከተማ አለች፤ የእኛ ኦፓል በብዛት የሚቆረጠው እዚያ ነው። ልጆቻችን «ለምን እዚሁ የካ አንቆርጠውም?» ማለታቸው ትክክል ነው። ግን ጃይፑር ያለው ቆራጭ እጁ ብቻ ሳይሆን ሒሳቡም የሠለጠነ መሆኑን አንርሳ።

ከሁሉ በፊት መግዛት መቻል ያስፈልጋል። የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። አዎ፣ ይጠጣል! ውኃ ውስጥ ሲነከር ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ይሆናል፤ ከቀናት በኋላ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ውኃ ሲጠጣ ክብደቱም ይጨምራል፤ በመቶ ግራም ላይ አሥር ግራምና ከዚያም በላይ የሚጨምር አለ። ስለሆነም እርጥብ ድንጋይ መዝኖ የገዛ ሰው ውኃ በኦፓል ዋጋ ገዛ ማለት ነው። ቡናና ዘይትም እንዲሁ ይጠጣል፤ ስለዚህ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ስኒ አይቀመጥም። ጥሬው ደግሞ እንደ ተገዛ አይቆረጥም። የሚሰነጠቀው እንዲለይ ለሳምንታት ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይበጃል። በእነዚህ ሳምንታት ገንዘቡ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል፤ የቤት ኪራይ ግን አይተኛም። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የሚባለው ይኸው ነው፤ ብዙዎቹ የሚወድቁትም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሒሳቡን ለምሳሌ ያህል ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። መቶ ግራም ጥሬ በ30,000 ብር ተገዛ እንበል። አንድ ግራም አምስት ካራት ነው፤ ስለዚህ ልጁ «500 ካራት አለኝ፣ አንዱ ካራት 60 ብር ወጣበት፣ በ150 ብሸጠው ከእጥፍ በላይ አተረፍኩ» ይላል። ነገር ግን ድንጋዩ ሲቆረጥ ቅርፊቱ፣ ስንጥቁና ዱቄቱ ሄዶ የሚቀረው ሲሶ ወይም ከዚያ በታች ነው። 30 ግራም ቀረ እንበል፤ 150 ካራት ማለት ነው። በዚያ ላይ ኪራይ 2,000፣ መብራትና ውኃ 300፣ የሞረዱ እርጅና 1,500፣ ትራንስፖርት 700፣ የሁለት ሰው ጉልበት ለአሥር ቀን 8,000 ብር ሲጨመር ጠቅላላ ወጪው 42,500 ብር ይሆናል። ለ150 ሲካፈል አንዱ ካራት 283 ብር ከሳንቲም ወጣበት። በ150 ብር ቢሸጠው የሚያገኘው 22,500 ነው፤ 20,000 ብር ከሰረ። ልጁ ግን አተረፍኩ ብሎ እየሳቀ ነው የሚሄደው!

ነገሩ በዚህም አያበቃም። ከ150ው ካራት ውስጥ በደንብ የሚያበራው 20 ብቻ ይሆናል፤ 80ው መካከለኛ፣ 50ው ደብዛዛ ነው። ደማቁ በ1,000፣ መካከለኛው በ300፣ ደብዛዛው በ60 ብር ቢሸጥ 47,000 ብር ይገባል፤ ትርፉ 4,500 ነው። አሁን ደላላው ይመጣና «እነዚህን ሃያዎቹን ብቻ በ700፣ 700 ስጠኝ፣ ገንዘቡ በእጄ ነው» ይላል። ጥሬ ገንዘብ ያየ ልጅ ይሰጠዋል። የቀረውን በሙሉ በዋጋው ቢሸጥ እንኳ ድምሩ 41,000 ነው፤ 1,500 ብር ጎደለ። የደመቀው ድንጋይ ነው የደበዘዘውን የሚሸከመው። ስለዚህ ዋጋ ከመናገር በፊት ሁሉንም በየደረጃው ለይቶ፣ መዝኖ፣ ዝቅተኛውን ዋጋ በወረቀት ጽፎ ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ኪሱ ውስጥ ቁጥር ያለው ሰው አይደነግጥም።

ስለ መዝገብ ብዙ እንዳልናገር እፈራለሁ፤ ሥራዬ ስለነበረ ይጥመኛል። በመሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጥ ነበር። የዕድራችንም ንብረት ያዥ ቢሆን ድስትና ሳህን ሲያወጣ ቆጥሮ አስፈርሞ ነው። ታዲያ ከድስት የሚበልጥ ዋጋ ያለው፣ ከባቄላ የሚያንስ ድንጋይ እንዴት ያለ ፊርማ ይወጣል? እኔ የምይዘው መዝገብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የተገዛ ጥሬ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀኑ፣ ክብደቱ፣ ዋጋው ይጻፋል። ሲቆረጥ የወጣው ካራትና ፍሬ በዚያው ቁጥር ሥር ይመዘገባል። ከሦስት ወር በኋላ ከየትኛው ሻጭ የተገዛው እንዳዋጣ፣ ከየትኛው የተገዛው እንደሰነጠቀ መዝገቡ ራሱ ይናገራል።

ለደላላ በአደራ የሚሰጥ ካለ ደግሞ ፎቶግራፉ፣ ፍሬው፣ ካራቱ፣ የሚመለስበት ቀን በሁለት ቅጂ ተጽፎ ይፈረምበት። «ወንድሜ ነው፣ እንዴት አስፈርመዋለሁ?» የሚል አለ። ወንድም ከሆነ ለምን ፊርማ ይከብደዋል?

ሌላው የቤትና የሥራ ገንዘብ ነው። በእኛ ኑሮ ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዕቁብም ይደርሳል። የሱቁ መሳቢያ የሁሉም መሳቢያ ከሆነ የሚቀጥለው ጥሬ የሚገዛበት ይጠፋል። ልጆቹ ለራሳቸው የወር ደመወዝ ይቁረጡ፤ ትንሽም ብትሆን ትቆረጥ። ከዚያ ውጪ የወጣ ሁሉ በስማቸው ብድር ተብሎ ይመዝገብ። የዕድራችን ሣጥን እስከ ዛሬ የኖረው ገንዘብ ያዡ የራሱን ኪስ ስላልቀላቀለበት እኮ ነው።

ገዢን በሚመለከት አጭር ነገር ልናገር። የቸርችል ጎዳና የስጦታ ዕቃ ሱቆች አሉ፤ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም እንግዳ ያመጣል። ፒያሳ የነበሩ ብዙ ሱቆች በ2016 ዓ.ም. ሲነሱ የደንበኛቸውን ስልክ በደብተር የያዙት እንደ ምንም ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ያልያዙት ከዜሮ ጀመሩ። ወደ ውጭ መላክ ሌላ ፈቃድና የባንክ ሥርዓት አለውና ለጊዜው ይቆያቸው። እዚህም ቢሆን የብቃት ማረጋገጫና የንግድ ፈቃድ ሳይዙ ድንጋይ መያዝ በሕግ ያስጠይቃል። ድንጋዩ በጢስ ጠቁሮ ወይም ቀለም ጠጥቶ ከሆነ ለገዢው ይነገር። ጥቁር ኦፓል ነው ብሎ የሸጠ ሰው አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚከስረው ጎረቤቱ ቆራጭ ጭምር ነው።

እናቶች ስለ ጤናው ጠይቃችሁኛል። የድንጋይ አቧራ ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ማሽኑ ውኃ እያንጠባጠበ ነው የሚሠራው፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈናል። በእኛ ሰፈር ውኃ በተራ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ውኃ በሌለበት ቀን በደረቁ እንቁረጥ የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ በርሜል ከኪራይ ቤቱ ዕቃ አንደኛ ሆኖ ይገዛ።

ወደ ጥያቄው ስመለስ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። የዕድሩ ሣጥን ለቀብርና ለለቅሶ የተዋጣ ስለሆነ አይነካ። ዋስ ለመሆን የፈቀደ አባል በግሉ ይፈርም። ዋስትናውም ለመቁረጫ ማሽኑና ለሞረዱ ይሁን እንጂ ለጥሬ ድንጋይ መግዣ አይሁን፤ ማሽን ቢከስሩ እንኳ ተሸጦ ዕዳ ይከፍላል፣ የተሰነጠቀ ድንጋይ ግን ማንም አይገዛውም። ለመጀመሪያው ስድስት ወር የሌላ ሰው ጥሬ በእጅ ዋጋ እየቆረጡ ይለማመዱ፤ ገንዘባቸው ሳይታሰር እጃቸውም ዓይናቸውም ይሠለጥናል። በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መዝገባቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይምጡ፤ ክፍያ አልፈልግም። ይህን ከተቀበሉ እኔ የመጀመሪያው ፈራሚ ነኝ። የመዝገቡን ናሙና በሦስት ቅጂ አሠርቼ ለዕድሩ ጸሐፊ አስረክቤያለሁ፤ ማየት የሚፈልግ አባል ከስብሰባው በኋላ መጠየቅ ይችላል።