የምንማርበትን መዝገበ ቃላት እንዴት እንምረጥ?

በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ፣ ሶፊ፣ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የቀረብነው የሂሳብ ሪፖርት ይዘን አይደለም። የምንናገረው ስለ መዝገበ ቃላት ነው። ነገሩ ግን ከሂሳብ ብዙም አይርቅም። ቁጠባችንም ብድራችንም በቃላት የተጻፈ ውል ነው። የውሉን ቋንቋ አጥርታ የማታውቅ አባል ምን ላይ እንደፈረመች አታውቅም።

በሶፊ አብዛኛው ቤተሰብ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ጁገል ስንገባ ሐረሪው የራሱን ጌይ ሲናን ይናገራል። የክልላችን የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው፤ አማርኛም በገበያውና በቢሮው አለ። ስለዚህ ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የሚማሩ አሉ፣ አማርኛ የሚማሩም አሉ። ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ቃል እንፈልጋለን። ‹‹የትኛው መዝገበ ቃላት ይሻላል?›› የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። መልሱን በአራት ጥያቄ ከፍለን አቅርበናል።

አንደኛ፦ የየት አገር አነጋገር ነው?

ጁገል መሀል ያለውን ፈረስ መጋላ ሁላችንም እናውቀዋለን። ‹‹የፈረስ ገበያ›› ማለት ነው። በእኛ ሰፈር ኦሮምኛ ‹‹መጋላ›› ገበያ ነው። በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት በሚጻፈው ኦሮምኛ ግን ‹‹መጋላ›› ከተማ ሲሆን፣ ገበያው ‹‹ገባ›› ይባላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት በአገር ነው። ጂን ግራግ እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ጥሩ ሥራ ነው፤ የተመሠረተው ግን በወለጋ አነጋገር ላይ ነው። የሐረርን ኦሮምኛ የሚሻ ሰው የጆናታን ኦወንስን መጽሐፍ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ የሐረር ኦሮምኛ ሰዋስው ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ የቃላት ዝርዝር አለው። ችግሩ ሁለቱም በእንግሊዝኛ የተጻፉ መሆናቸው ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የአየርላንድ ሰዎች የአባቶቻቸውን ቋንቋ በኢንተርኔት ሲማሩ ቲያንግላን የሚባል የመዝገበ ቃላት ድረ ገጽ አላቸው። ብዙዎቹን ቃላት ሲጫኑ በሦስት አካባቢዎች አነጋገር፣ በኮናክት፣ በመንስተርና በአልስተር፣ በሰው ድምፅ ያሰማቸዋል። ተማሪው የአያቱን መንደር አነጋገር መርጦ ይማራል። ለእኛ እንዲህ ያለ ነገር እስኪሠራልን ድረስ ፈተናውን ራሳችን እንስጥ። አዲስ መዝገበ ቃላት ስናገኝ መጀመሪያ የማናውቀውን ሳይሆን የምናውቀውን ቃል እንፈልግበት። ‹‹መጋላ›› ብለን እንጻፍ። ገበያ የሚለውን ትርጉም ካልሰጠን፣ ከሌላ አገር አነጋገር ጋር እንደምንነጋገር ይግባን።

ሁለተኛ፦ ምሳሌ ይሰጣል ወይ?

ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የጉግልን መተርጎሚያ ነው። አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኦሮምኛን ደግሞ በ2022 ነው። ጠቃሚ ነው፤ ግን መተርጎሚያና መዝገበ ቃላት አንድ አይደሉም። መተርጎሚያው አንዱን ፍቺ መርጦ ይሰጣል። መዝገበ ቃላት ፍቺዎቹን በተርታ አስቀምጦ የቱ የት እንደሚገባ ያሳያል። ‹‹ሆሪ›› የሚለውን ቃል እንውሰድ። ከብትም ነው፣ ሀብትም ነው፣ ገንዘብም ሊሆን ይችላል። ለብድር መያዣ ‹‹ሆሪ›› ተብሎ ቢጻፍ ላሟ ናት ወይስ ብሩ? ይህን የሚለየው በዓረፍተ ነገር የተሰጠ ምሳሌ ነው። ምሳሌ የሌለውን መዝገበ ቃላት ለሰላምታና ለገበያ እንጠቀምበት እንጂ ለውል አንመነው።

ሦስተኛ፦ ድምፁን ለይቶ ይጽፋል ወይ?

ኦሮምኛ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ ነው። በቁቤ አጭሩ አናባቢ አንድ ጊዜ፣ ረጅሙ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ይህ ጌጥ አይደለም። በአጭሩ ‹‹ለፈ›› ስንል መሬት ነው፤ አስረዝመን ‹‹ላፋ›› ስንል ለስላሳ ወይም ደካማ ነው። ፊደል መቁጠር የሰለቸው አዘጋጅ የጻፈው የስልክ መዝገበ ቃላት ይህን ካቀላቀለ፣ ተማሪዋም አቀላቅላ ትማራለች። በፊደል የሚጽፍልንም ቢሆን ‹‹ዸ››ን ከ‹‹ደ›› መለየቱን እንይ።

አራተኛ፦ ማን አዘጋጀው? ለምንስ አዘጋጀው?

ዊክሽነሪን ማንም ሰው ሊጽፍበትና ሊያርመው ይችላል። ይህ ጥንካሬውም ድክመቱም ነው። የሐረሪን ቋንቋ ለሚፈልጉ ደግሞ የቮልፍ ሌስላው የሐረሪ መዝገበ ቃላት አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን የቃላቱን ዘርና አመጣጥ ለሚመረምር ሰው በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። ለጀማሪ ይከብዳል። መዝገበ ቃላት ጥሩ ነው ማለት ለሁሉም ሰው ይሆናል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ‹‹ወለድ›› የሚለው ቃላችን ከመውለድ የመጣ ነው፤ ገንዘብ የወለደው ገንዘብ። ኦሮምኛውም ‹‹ዸላ›› ይለዋል፤ እሱም መወለድን የሚያመለክት ቃል ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ወለድ አይፈልጉም። የአገልግሎት ክፍያ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በኦሮምኛ ‹‹ከፈልቲ ተጃጂላ›› ይባላል። አንድ ወረቀት ሁለቱን ቢያምታታ፣ ወለድ የማትፈልግ እናት ሳታውቅ ወለድ ፈረመች ማለት ነው፤ ወይም የአገልግሎት ክፍያውን ወለድ መስሏት ከማኅበሩ ትወጣለች። ሁለቱም ጉዳት ነው።

‹‹ዋቢ››ንም እንይ። አማርኛ የለመደች እኅት ‹‹ዋቢ›› ስትሰማ የመጽሐፍ ማስረጃ ወይም ምስክር ሊመስላት ይችላል። በኦሮምኛ ግን ዋስ ማለት ነው። ምስክር ያየችውን ተናግራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ዋስ ግን ተበዳሪዋ ካልከፈለች ዕዳው ይደርሳታል። በአንድ ቃል አለማወቅ ላሟን የምትሸጥ ሴት ልትኖር ትችላለች።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ስልኩ ለመማሪያ ይሁን፤ ለፊርማ ግን አይብቃ። የብድር ውል ሲፈረም በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ፈራሚዋም የገባትን በራሷ አነጋገር መልሳ ትናገር። ያን ጊዜ የትኛው ቃል እንዳልገባት ይታወቃል።

ሁለተኛው ሐሳባችን የቃላት ደብተር ነው። ይህ ሥራ ለሴት አዲስ አይደለም። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ለባርነት የተሸጠች የኦሮሞ ልጅ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1886 የተጫነችበትን ጀልባ ጣሊያኖች አስቁመው ነፃ ወጣች፤ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ተማረች። የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች። መዝገቧ ኦኔሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 ላሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም አገልግሏል። ከእሱ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1894 የንባብ መማሪያ አሳትማለች። ኮምፒውተርም ስልክም አልነበራትም፤ የነበራት ጆሮዋ፣ ትዝታዋና ብዕሯ ነው።

እኛም በአንድ መስመር ቃሉን፣ ከጎኑ የአማርኛውንና የኦሮምኛውን ፍቺ፣ ከሥሩ አንድ ምሳሌ እንጻፍ፤ የሐረሪውን የምታውቅ ትጨምርበት። ከቁጠባ፣ ከብድር፣ ከጫት፣ ከወተት፣ ከሐኪም ቤት ቃላት እንጀምር። መጻፍ የማትችል እናት ትናገር፣ ልጇ ትጻፍ። የምታውቀው ቃል ለማኅበሩ እንደ መዋጮ ይቆጠርላታል።

ደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። አባላት ሰብስበው ያረሙትን ደብተር በትንሹ አባዝታችሁ ለእያንዳንዷ አባል እንድናደርስ አግዙን። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሂሳቡን ዝርዝርም እንደ ልማዳችን በደረሰኝ እናሳያለን።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን አምስት አምስት ቃል ይዘን እንምጣ።