ከኪስ የሚገባ ካሜራና የጋላታ ድልድይ

(በማኅበሩ አባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ የመንገድ መሐንዲስ የጎዳና ፎቶግራፍ ለመማር ኢስታንቡል ድረስ መሄዱ ለአንዳንዶቻችሁ ቅንጦት መስሎ እንደታያችሁ ከቀልዳችሁ ተረድቻለሁ። ስለሆነም የጉብኝቱን ወሬ ትቼ ለሙያችን ይበጃል ያልኩትን ብቻ አቀርባለሁ።

ይዤው የሄድኩት ካሜራ ሪኮ ጂ አር 3 የተባለው ነው። ከነባትሪው 257 ግራም ይመዝናል፤ ከኮት ኪስ ይገባል። ሌንሱ አይነቀልም፤ ራቅ ያለውንም ስቦ አያመጣም፤ መቅረብ የፈለገ ሰው በእግሩ ይቀርባል። ባትሪው ግን አያስመሰግንም፤ 200 ያህል ፎቶግራፍ ካነሳ በኋላ ይደክማልና ያለ መለዋወጫ ከቤት አይወጣም።

ትምህርቱ ከስሌት መጀመሩ፥ ምን ይደበቃል፥ ደስ አሰኝቶኛል። የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 18.3 ሚሊሜትር ነው። የብርሃን መግቢያውን 8 ላይ፥ ርቀቱን 2 ሜትር ላይ አስቀድመን ብናቆመው፥ ከ1 ሜትር እስከ 40 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ በቂ ጥራት ይዞ ይወጣል፤ ካሜራው ርቀት ሲፈልግ የሚባክን ጊዜ የለም። በሴኮንድ 1.4 ሜትር የሚራመድ መንገደኛ በ1/60 ሴኮንድ ውስጥ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ስለሚጓዝ ምስሉ ይደበዝዛል፤ በ1/500 ግን 3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚህ ወዲያ ያለው የዓይን ሥራ ነው።

ብዙውን ጊዜ ያሳለፍነው በጋላታ ድልድይ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ተወልዶ በ2018 ያረፈው አራ ጉለር የዚህችን ከተማ ሕዝብ በካሜራው መዝግቦ አልፏል፤ በእርሱ ዘመን የነበረው፥ በ1912 የተሠራው ተንሳፋፊ ድልድይ በ1992 ተቃጥሎ፥ የዛሬው በ1994 ተከፈተ። ከታች ምግብ ቤቶች፥ ከላይ በመሐል ትራም፥ በግራና በቀኝ አጥሩን ተደግፈው የቆሙ ዓሣ አጥማጆች አሉ። የእግረኛው መንገድ ስፋት በንድፉ ላይ በቁጥር ተጽፎ ይገኛል። አጥማጁ ባልዲውንና ወንበሩን ካኖረ በኋላ ለሴትዮዋና ለሕፃኗ ምን ያህል እንደሚተርፍ ግን ንድፉ አይናገርም።

በአንድ ነገር ከአስተማሪያችን ጋር አልተስማማንም። እርሱ አስቀድማችሁ አንሡ፥ ከዚያ ፈገግ በሉ ይላል። አንድ ሸምገል ያለ አጥማጅ መዳፉን ሲያነሣብኝ ካሜራዬን ዝቅ አደረግሁ፤ አስተማሪው ምስሉ አመለጠህ አለኝ። ሽማግሌው በበኩሉ ጥቂት ቆይቶ ባልዲውን በጣቱ አመለከተኝ። ፊቱን ከልክሎ ባልዲውን መፍቀዱ ነው። ከጉዞው ሁሉ ለሙያዬ የጠቀመኝ ምስል ያ ነው፤ ባልዲው፥ በጎኑም በአንድ ክንድ ስፋት ተሸጋሽገው የሚያልፉ እግሮች።

እኛ አስፋልቱን ፎቶግራፍ የምናነሣው በርክክብ ቀን፥ ሰው ሳይረግጠው ነው። መሻገሪያ ከመንደፋችን በፊት አንድ ጧት በቦታው ቆመን ብናነሣስ? በአዲስ አበባ ካሜራ የያዘን ሰው «ለምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ይዘን እንውጣ። ለሙከራ መገናኛን መርጫለሁ። ፈቃደኛ የሆነ ባልደረባ ከስብሰባው በኋላ ያነጋግረኝ፤ ካሜራው የእኔ ነው፥ ባትሪም ሦስት አለኝ።