የተጋባዥ ሠዓሊ ቆይታና የዋግ ውኃ



ኢንስታሌሽን የሚባለው ጥበብ እንደ ሥዕል ተሰቅሎ የሚታይ ሳይሆን ተመልካቹ ገብቶ የሚዞርበት ሥራ ነው። ነገሩ ለሰቆጣ እንግዳ የሚመስለው ቢኖር በከተማይቱ አቅራቢያ ያለውን ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስን ይመልከት፤ ሠሪዎቹ ዓለቱን ፈልፍለው ቦታውን ራሱን ሥራ አደረጉት እንጂ ሥራ አምጥተው በቦታው ላይ አላኖሩም።

በዚህ ዘመን ለዚህ አካሄድ የቀረበው ምሳሌ በአዲስ አበባ ይገኛል። መስከረም አሰግድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት የዞማ ማዕከል ሠዓሊያንን እየጋበዘ ሲያሠራ ከቆየ በኋላ፥ በ2019 ዞማ ሙዚየም በመካኒሳ ተከፍቷል። ከሠዓሊው ከኤልያስ ስሜ ጋር ያሳነጹአቸው ግድግዳዎች የባላገሩን ጥበብ የተከተሉ የጭቃና የጭድ ሥራዎች ናቸው።

ይህ ልማድ ወደ ዋግ ቢሻገር ግን አንድ ብርቱ ጥያቄ ይነሣል፤ ውኃው ከየት ይመጣል? ዋግ ኽምራ ድርቅ የሚደጋገምበት አገር ነው። በበጋ ጭቃ የሚያቦካ ሠዓሊ ከአገሬው እንስራ ጋር መሻማቱ አይቀርም (በከተማ ቧንቧ ለለመደ ሰው ይህ ላይታየው ይችላል)፤ እንዲህ ያለው ሥራ ምንም ቢያምር ዕዳ ነው። በክረምት ቢመጣ ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ያልደረቀውን ግድግዳ ያጥበዋል።

ስለዚህ የጥቂት ሳምንት ግብዣ ለዚህ ደጋ አይበጅም። ሠዓሊው ወንዙ ሳይጎድል በመስከረም ገብቶ፥ ግንበኞቹን በሙሉ ዋጋ አሠርቶ፥ የሚቀጥለው ክረምት በሥራው ላይ ሲወርድ በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ሊቆይ ይገባዋል። በጋውን ድንጋይ መልቀምና ካብ መካብ ይችላል፤ ለዚያ ውኃ አያስፈልግም።