ከአንድ ትሪ የምንበላው



አዋሽም ሆነ ሰመራ ስንሰበሰብ ሥጋ ከቀረበ ክርስቲያኗና ሙስሊሟ ማዕድ ይለያሉ። ወጪውም እጥፍ ይሆናል፤ ተራ የደረሳት እህት ትበደራለች ወይም ከስብሰባው ትቀራለች። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ዳቦ በአይብ ነው፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንበላዋለን።

ለ20 ሰው 10 ዳቦ በአራት በአራት ቁረጡና ምጣድ ላይ ጠበስ አድርጉት። ውሃው በደንብ የተጠለለ ግማሽ ኪሎ አይብ በንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በጨው ለውሱት። ከአሬራ የሚወጣው የእኛ አይብ እንደ ፒዛ አይብ ስለማይቀልጥ ኦቨን አያስፈልገውም፤ ዳቦው ላይ መቀባት ብቻ ነው።

የአገራችንን ሙቀት ግን አትርሱ። ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን አይብ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ዳቦውን ቀድማችሁ ጥበሱ፤ አይቡን እንግዶች ሲቀመጡ ቀቡ።

ቀጠሯችን ከረቡዕና ዓርብ ውጭ ይሁን። በዐቢይ ጾም አይቡን በሽሮ እንተካው፤ በረመዳን ከአፍጥር በኋላ እንገናኝ።

እንግዲህ አንድ ነገር እንወስን፦ ተረኛዋ ከዚህ በላይ አታቅርብ። የተረፋት ብር በቁጠባ ደብተሯ ይግባ።