በራሳችን ሰዓት ማጥናት
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በጥናት ቡድናችን ስም የቀረበ ንግግር



ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ስለ አንድ ፈተና ነው። እዚህ አሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ብዙዎች የሚወስዱት ፈተና ኤልሳት ይባላል፤ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰጥ ኖሯል። በቡድናችን ውስጥ የሒሳብ ሥራ የምንሠራ፣ ሌሊት ሺፍት የምንገባ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰን ወደ ሥራ የምንሮጥ አለን። ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው የባችለር ዲግሪ ስለሚጠይቁ፣ በኮሌጅ ዲፕሎማ ላይ ያለነው ዲግሪያችንን እያሟላን ጎን ለጎን ለፈተናው እንዘጋጃለን።

ለምን ይህን ያህል እንደምንደክም ታውቃላችሁ። ከአከራይ፣ ከአሠሪ ወይም ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብልን ሰው ፍለጋ ስንት ቦታ እንደምንደውል ሁላችንም እናውቀዋለን። ችግራችንን በአማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ የምትከራከርልን ጠበቃ ከመካከላችን ብትወጣ ጥቅሙ ለሁላችን ነው።

እህቶችን ከመንገድ የሚያስቀራቸው ግን የፈተናው ክብደት ብቻ አይደለም፤ የማዘጋጃ ኮርሱ የጊዜ ሰሌዳም ነው። ኮርሱን ገዝተን በራሳችን ስናጠና ሰሌዳው በየቀኑ ይህን ያህል ቪዲዮ፣ ይህን ያህል ጥያቄ ይላል። ሁለት ቀን ልጅ ሲታመም ወይም ተጨማሪ ሺፍት ሲመጣ ውዝፉ ይከመራል። አንዲት ጎበዝ እህታችን ሦስት ሳምንት ወደ ኋላ ስትቀር «ይህ ለእኔ አይደለም» ብላ ተወችው። የሠራቻቸውን ጥያቄዎች ላየ ሰው ግን ችሎታዋ እያደገ ነበር። የጎደላት ሰዓት እንጂ ችሎታ አልነበረም።

ስለዚህ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ሰሌዳው ከእኛ ሰዓት ይነሣ፣ የፈተናው ቀን ደግሞ በመጨረሻ ይቆረጥ። ገቢውን ሳያውቅ ወጪ የሚያቅድ ቤት የለም። ጥናትም እንደዚያው ነው።

እንዴት እንደምናሰላው እነሆ። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ሥራ፣ መንገድ፣ እንቅልፍ፣ ማብሰል፣ ልጆች፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲቀነስ የሚቀረውን ለሁለት ሳምንት እንመዘግባለን። የምንመዘግበው የምንመኘውን ሳይሆን በእርግጥ ያጠናነውን ነው። ለምሳሌ አንድ ኮርስ በሳምንት 20 ሰዓት ለ12 ሳምንት የተሰላ ቢሆን በጠቅላላው 240 ሰዓት ይሆናል። የእኛ ቀሪ ሒሳብ በሳምንት 8 ሰዓት ከሆነ ያው ሥራ 30 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ላይ መጠባበቂያ እንጨምራለን። ኮርሱ ፋሲካን፣ ረመዳንን፣ ለቅሶንና ክርስትናን አያውቅም፤ እኛ ግን አንቀርባቸውም። አራት ሳምንት አጥንተን አምስተኛውን ባዶ ብንተው 30ው ሳምንት 37 ይሆናል፤ ስምንት ወር ተኩል ገደማ ማለት ነው። ይህ ረጅም ይመስላል። ሆኖም በሦስት ወር ጀምሮ ከማቆም በስምንት ወር መጨረስ ይሻላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ?

ቀጥሎ ሰዓቱ በምን ላይ ይዋል? ፈተናው እያንዳንዳቸው 35 ደቂቃ የሚፈጁ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ የአመክንዮ፣ አንዱ አንብቦ የመረዳት ነው። አራተኛው ከሁለቱ ዓይነት አንዱ ሆኖ ነጥብ የማይያዝበት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን ለተፈታኝ አይነገርም። ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ክፍል ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ያገለገለ መጽሐፍ የገዛችሁ እህቶች ያንን ምዕራፍ ዝለሉት፤ ብዙ ሰዓት ይተርፋችኋል።

የአመክንዮ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በራሳችን ምሳሌ እናሳያችሁ። «ባለፈው ወር የማኅበሩ መዋጮ ጨመረ። በዚያው ወር አዲስ ገንዘብ ያዥ ተመረጠች። ስለዚህ መዋጮው የጨመረው በእሷ ምክንያት ነው።» መደምደሚያው የቱ ነው? ማስረጃውስ? በመካከላቸው ሳይነገር የታለፈው ምንድን ነው? ሁለቱ ነገሮች በአንድ ወር መሆናቸው አንዱ ሌላውን አመጣው አያሰኝም፤ ምናልባት አዳዲስ አባላት ገብተው ይሆናል። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ከቃል በስተጀርባ ያለውን መፈለግ ልማዳችን ነው። እዚህ ግን ወርቅ ፍለጋ ያሳስታል። ጽሑፉ የተናገረውን ብቻ፣ በተናገረው ልክ መያዝ ነው። ይህን ልማድ ለመያዝ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በቪዲዮ ብዛትም አይመጣም።

ስለዚህ ጥናቱን በሦስት ደረጃ እናስኬደዋለን። በመጀመሪያው ደረጃ ሰዓት አንይዝም። አንድ ጥያቄ 10 ደቂቃ ቢወስድም ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደሆነ፣ የቀሩት አራቱም ለምን እንደማይሆኑ በራሳችን ቃል፣ በአማርኛም ቢሆን፣ እንናገራለን። ከሁለት ሰዓት ጥናት ቪዲዮ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም፤ የቀረው እጅ የሚሠራበት ነው። በሁለተኛው ደረጃ አንድ ክፍል በ35 ደቂቃ እንሠራለን። የአመክንዮ ክፍል 25 ያህል ጥያቄ ስላለው ለአንዱ አንድ ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርሰውም። የንባቡ ክፍል አራት ንባቦች ስላሉት ለእያንዳንዱ ከነጥያቄው 8 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ይደርሰዋል። ሙሉ ፈተና የምንሠራው በሦስተኛው ደረጃ ነው፤ ያውም በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ትክክለኛዎቹን ያለፉ ፈተናዎች ለዚሁ ጊዜ አስቀምጠን።

ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሳልፈን የቀን መቁጠሪያው ሳይሆን የስሕተት መዝገባችን ነው። በሰዓት የሠራነውን ክፍል መልሱን ከማየታችን በፊት ያጠራጠሩንን ጥያቄዎች ያለ ሰዓት ደግመን እንሠራለን። ከዚያ ሁለቱን መልሶች እናስታርቃለን፤ ሒሳብ ሠራተኞች የባንክ መግለጫን ከመዝገብ ጋር እንደምናስታርቀው። ያለ ሰዓት አግኝተን በሰዓት የሳትነው የፍጥነት ጉዳይ ነው፤ ልምምድ ይፈታዋል። ሁለቱንም ጊዜ የሳትነው ግን ያልገባን ነገር ስላለ ነው፤ ወደ ትምህርቱ ይመልሰናል። ይህን ሳይለዩ ጥያቄ ማብዛት ጉድለቱ የት እንዳለ ሳያውቁ ሒሳብ እንደ መዝጋት ነው።

ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛ፣ በተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የቀረውን ሁሉ ሙሉት፤ ባዶ አትተዉ። ሁለተኛ፣ ፈተናው ያለ ገደብ አይወሰድም። በአሁኑ ደንብ በአምስት ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ ነው። ስለዚህ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ መመዝገብ ገንዘብንም ዕድልንም ይበላል። በቤት የሠራናቸው ሦስት ተከታታይ ሙሉ ፈተናዎች ከምንፈልገው ውጤት አጠገብ ሲደርሱ ያን ጊዜ እንመዝገብ። ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው፤ የምትፈልጉት ትምህርት ቤት ስንት እንደሚጠብቅ ከራሱ ከትምህርት ቤቱ አጣሩ። ክፍያው የሚከብዳችሁ ደግሞ ፈተናውን የሚሰጠው ምክር ቤት አቅም ለሌላቸው ክፍያ የሚያነሣበት አሠራር አለውና ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት አመልክቱ። ወረቀቱን አብረን እንሞላለን።

በመጨረሻ ከእናንተ የምንፈልገው አለ። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የጥናት ክፍል እንሰበሰባለን። ከቡድናችን አራቱ ትንንሽ ልጆች ስላሏቸው በየተራ ይቀራሉ። ልጅ ለመጠበቅ በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት የምትሰጥ አራት እናት ብናገኝ ከአራቱ አንዳቸውም አይቀሩም። ጥናቱን እኛ እናጠናለን፤ ሰዓቱን ግን ብቻችንን ልናገኘው አልቻልንም። መዝገቡ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ ስማችሁን ጻፉልን።